ፌሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ላራባ ነው፣ ምን ማወቅ አለብኝ?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ሴት ፌሬት (ሰውነቷ ረዘም ያለ፣ ትንሽ ሥጋ በል የቤት እንስሳ) አለችኝ፣ አንድ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ሰሞኑን ጠባይዋ ተቀየረብኝ። እንቅልፍ የላት፣ ምግቧን ትታ መንጎራደድ፣ በሩን መቧጨር። ዛሬ ገልብጬ ሳያት ብልቷ በጣም አብጦ ቀልቷል፣ እርጥብም ነው። በሽታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ግን ሳነብ ድራት ላይ፣ ማለትም ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ላይ መሆኗ ገባኝ።

ድሮም ልጆች እንድትወልድልኝ እፈልግ ነበር። ጓደኛዬ ጤነኛ ወንድ አላት፣ ከፈለግሽ ቤትሽ ላምጣልሽ ብላኛለች። አሁኑኑ ላገናኛቸው ወይስ ትንሽ ትጠንክር ብዬ የሚቀጥለውን ወቅት ልጠብቅ? ብቆይስ የሚጎዳት ነገር አለ? ደግሞ ወንዱ ማጅራቷን ነክሶ ይጎትታታል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ከሆነ ዝም ብዬ ነው የማየው? ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ግን እናትየዋ ልጆቿን ልትበላ ትችላለች የሚባለው ነው። ያራባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሳትሰለቹ አስረዱኝ።

ነባር አርቢ፦

እህቴ፣ ዋናው ነገር ያለው «ብቆይስ» ያልሽው ላይ ነው፣ ከእሱ ልጀምር።

ሴት ፌሬት እንደ ውሻ አይደለችም። ውሻ ወንድ ባታገኝም ድራቷ ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል። ፌሬት ግን እንቁላል የምትለቀው ስትጠቃ፣ ማለትም ወንድ ሲገናኛት ነው። ካልተጠቃች ድራቱ ለወራት ሊቀጥል ይችላል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ደሟ ውስጥ ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ይሄ ደግሞ ደም የሚሠራውን የአጥንት መቅኒዋን ያደክመዋል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ በጣም አደገኛ ነው። በዚህ የሚሞቱ አሉ፣ ባለቤቶቻቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ደህና ነበረች እኮ» ነው የሚሉት። ድዷ ከነጣ፣ የኋላ እግሯ ከደከመ፣ ጅራቷ አካባቢ ፀጉሯ ከሳሳ፣ ወይም ቆዳዋ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ካየሽ ወንድ መፈለጉን ተዪውና ቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰጃት።

ስለዚህ ዝም ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ወይ ታስጠቂያታለሽ፣ ወይ ሐኪም ድራቱን የሚያወርድ መርፌ ይሰጣታል፣ ወይ ደግሞ ልጅ ከነጭራሹ ካልፈለግሽ ታስመክኛታለሽ። የዘር ቱቦው የተቋጠረ ወንድ የሚያስገቡም አሉ፣ ያጠቃታል ግን አታረግዝም። ዕድሜዋ ለመውለድ ይበቃል። ብቻ መጀመሪያ ሐኪም ይያት።

ማጅራት መንከሱ እውነት ነው። አንገቷን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይጎትታታል፣ እሷም ትጮኻለች፣ ላላየ ሰው የሚገድላት ነው የሚመስለው። ግን እንቁላሉ እንዲለቀቅ የሚያደርገው ይሄው ግርግር ስለሆነ እንዳትገላግያቸው። ከሩብ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ትንሽ የጥርስ ምልክት መቅረቱ የተለመደ ነው፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ግን ለያይተሽ አሳክሚያት። ጓደኛሽ ወንዱን ከምታመጣው አንቺ ሴቷን ውሰጃት። ወንዱ በራሱ ቤት ሲሆን ተረጋግቶ ይሠራል።

ከተጠቃች በኋላ ብልቷን በየቀኑ እዪው። በሳምንት አካባቢ መሟሸሽ ይጀምራል። በሁለት ሦስት ሳምንት ካልሟሸሸ አልያዘም ማለት ነው፣ አደጋውም ገና አልፎ አልሄደም። ሟሸሸ ማለት ደግሞ አረገዘች ማለት አይደለም። ሳታረግዝም ሆዷ ሊያድግ፣ ጎጆ ልትሠራ ሁሉ ትችላለች። እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ በአልትራሳውንድ ይታያል።

ባለሙያ፦

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ከእርግዝናው ልቀጥል።

የውሾች ዲስቴምፐር (ፌሬትንም የሚይዝ የቫይረስ በሽታ) ክትባቷ ጊዜው ካለፈ ከመጠቃቷ በፊት ትከተብ። ካረገዘች በኋላ ሕያው ክትባት (የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት) አይሰጣትም። ዲስቴምፐር ፌሬት ላይ ከገባ አይምርም።

እርግዝናው 41 ወይም 42 ቀን ነው። የተጠቃችበትን ቀን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊ፣ የምር ነው የምልሽ፣ ምክንያቱም 43ኛው ቀን አልፎ ምጥ ካልጀመረ የግድ መታየት አለባት። ይሄ በተለይ የሚያጋጥመው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያረገዘች እንደሆነ ነው። ጥቂት ሲሆኑ ምጡን የሚያስጀምረው ምልክት ይደክማል፣ ሆድ ውስጥ ያለው ግልገል ደግሞ ከመጠን በላይ ያድግና መውጫው ይጠበዋል።

ብዙ ስታረግዝ አደጋው ሌላ ነው። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ገደማ ሆዷ በግልገል ስለሚሞላ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አትችልም፣ የሚያስፈልጋት ጉልበት ግን ከምንጊዜውም በላይ ነው። በዚህ ሰዓት ለአንድ ቀን እንኳ ምግብ ከተቋረጠባት ሰውነቷ የራሱን ስብ ማቅለጥ ይጀምራል፣ ጉበቷም ይጎዳል። የእርግዝና መመረዝ የምንለው ይሄ ነው። ትፈዛለች፣ ሰገራዋ ጥቁርና የሚያጣብቅ ይሆናል፣ ፀጉሯ ስትነኪው ይነቀላል። እንዲህ ካየሽ እስከ ነገ ልይ አትበዪ። በአብዛኛው ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የውሃው ጠርሙስ ተደፍኖ ውሃ ስታጣ መብላትም ታቆማለች፣ ወይም ምግቡ በድንገት ይቀየርባታል። ምግብና ውሃ ሌትም ቀንም አይለያት። ሥጋ በል እንስሳ ናት፣ ፕሮቲኑ ከ35 በመቶ ያላነሰ፣ ስቡ ደግሞ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ይሁን፣ እሱም ከእንስሳ የተገኘ። በእህል የተሞላ ምግብ አይሆናትም።

አንቺም ጉንፋን ከያዘሽ ራቂያት ወይም አፍሽን ሸፍኚ። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ፌሬትን ይይዛል።

ጀማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ለነገ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። የመመረዙን ነገር ጭራሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን ደግሞ ስለ መውለጃ ቦታው ንገሩኝ። ሳጥን አዘጋጅቼ ውስጡን በፎጣ ልሞላው አስቤ ነበር። እና የመብላቱ ጉዳይ… ማንም አልመለሰልኝም 🙏

የጎጆ ሰው፦

ፎጣውን ተዪው! የፎጣ ክር ቀለበት ቀለበት ስለሆነ የግልገሎቹ ጥፍርና እግር ይያዝበታል፣ አንገታቸው ላይም ሊጠመጠም ይችላል። ክሩ የማይመዘዝ ለስላሳ ጨርቅ ቆራርጠሽ አድርጊላት፣ ወይም ንፁህ ጭድ። ሳጥኑ ጨለም ያለ ይሁን፣ መግቢያው ደግሞ ከወለሉ ከፍ ይበል፣ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር፣ እናትየዋ ዘላ እንድትገባና ልጆቹ ተንፏቀው እንዳይወጡ። ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመሽ ለብቻዋ አስገቢያት፣ ቦታውን ትልመደው። ወንዱ አጠገቧ እንዳይኖር።

ልጆቿን ትበላለች ለሚባለው፣ አዎ ያጋጥማል፣ በተለይ የመጀመሪያ ወሊድ ላይ። ግን በክፋት አይደለም። ስትረበሽ ነው፣ ጫጫታ ሲኖር፣ እንግዳ ሽታ ሲገባ፣ ምግብ ሲያንሳት፣ ወይ ግልገሉ ሞቶ የተወለደ ወይም የታመመ ሲሆን። ሕፃን መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ እየመጣ ሳጥኑን ሲከፍት፣ በቃ ይሄ ነው ትልቁ ጥፋት። ምጡ በአብዛኛው ሁለት ሦስት ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ ራቅ ብለሽ ጠብቂ። ስታምጥ ቆይታ ምንም ካልወጣ ወይም እትብታቸው እርስ በርሱ ከተጠላለፈ ብቻ ግቢ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጆሮሽ ተከታተያቸው። የጠገበና የሞቀው ግልገል ዝም ይላል ወይም ትንሽ ያጉረመርማል። ሳያቋርጡ የሚጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል ወይም ወተት የለም። ያኔ እናትየዋን በምትወደው ምግብ አታለሽ አውጪያትና ቶሎ ብለሽ እዪ፣ ጡቷንም ዳብሺው፤ ከጠነከረ፣ ካተኮሰና ቀለሙ ከተለወጠ የጡት በሽታ ነው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። አዲስ የተወለዱትን በእጅ ማሳደግ እጅግ ከባድ ስለሆነ በዚያው ሰሞን የወለደች ሌላ እናት የት እንዳለች አስቀድመሽ ብታውቂ ጥሩ ነው።

ሲወለዱ ከ6 እስከ 12 ግራም ቢሆኑ ነው፣ የትንሽ ጣት ያህል። ዓይናቸውም ጆሮአቸውም ዝግ ነው፣ እሱም የሚከፈተው በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። የሚገርመው ግን በሦስት ሳምንታቸው፣ ምንም ሳያዩ፣ በውሃ የራሰ ምግብ በዝርግ ሳህን ስታስቀምጪላቸው በማሽተት ብቻ ተንፏቀው ይመጣሉ፣ እግራቸውን ሳህኑ ውስጥ ዘፍዝፈው ይበላሉ፣ እናትየዋ ደግሞ ማጅራታቸውን እየያዘች ወደ ጎጆ ትመልሳቸዋለች።

ሌላ ሐሳብ፦

እኔ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። ሁላችሁም እንዴት እንደሚወለዱ ነው ያወራችሁት፣ ወዴት እንደሚሄዱስ? በአማካይ ስምንት ይወለዳሉ፣ ከዚያ በላይም ይሆናል። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናታቸው ባይለዩ ይሻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ቤት ይፈልጋሉ። ተቀባይ ካላገኘሽ ወንዶቹና ሴቶቹ ሳይደርሱ መለየት አለባቸው፣ አለዚያ እህትና ወንድም ይጠቃቃሉ። በዚያ ላይ ሲያድጉ ሴቶቹ ሁሉ ይሄው የድራት ችግር አለባቸው።

የወንዱንም መልክ እዪ። ራሱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ወይም ግንባሩ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ነጭ መስመር ካለው እኔ ብሆን አላራባውም። እንዲህ ዓይነቶቹ ላይ ከዘር የሚተላለፍ ድንቁርና፣ ማለቴ የጆሮ አለመስማት፣ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ጀማሪዋ፦

ልክ ነህ። ሦስት ሰዎች እንወስዳለን ብለውኛል፣ ሌሎቹን ከእኔ ጋር ለማቆየት ቦታ አለኝ፣ ግን እንደገና ላስብበት። የወንዱ ራስ ቡናማ ነው፣ ነጭ የለበትም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከወለደች በኋላ ድራቱ ለዚህ ዓመት አለቀ ማለት ነው አይደል?

ነባር አርቢ፦

አላለቀም። ልጆቹ ጡት ከተዉ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ልትመለስበት ትችላለች፣ የምታጠባቸው ጥቂት ከሆኑ ደግሞ እያጠባች እያለችም። ወዲያው ደግማ እንድትወልድ አታድርጊያት፣ ሰውነቷ ገና አላገገመም። ነገ ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ ከወሊድ በኋላ ድራቱን በመርፌ ይሁን በማምከን እንዴት እንደምታስቆሚው አብረሽ ጠይቂው፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር የሆርሞን መድኃኒትም ስላለ እሱን አንሺለት። ብልቷን ማየቱንም ከወለደች በኋላ እንዳትተዪ።