ተማሪና አዛውንት በጅማ፦ የጋራ ዕቅዳችን ላይ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው የተነሳው ሐሳብ በጽሑፍ ይኸው። የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችን ከከተማችን አዛውንቶች ጋር እናገናኝ ነው። ጅማ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ብዙው ተማሪ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ ነው፤ እናቱም አያቱም አጠገቡ የሉም። በሄርማታ፣ በቦሳና በጊንጆ ሰፈሮች ደግሞ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር የሄዱባቸው ስንት ወላጆች አሉ። መንገድ ላይ ይተላለፋሉ እንጂ አይተዋወቁም።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ መስከረም 21 የዓለም አረጋውያን ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ወስኖ ከ1991 ጀምሮ ይከበራል። በዚያ ቀን ዘይት፣ ሳሙናና ብርድ ልብስ ይዘን ቤት ለቤት እንሂድ። ምን ትላላችሁ?

ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት
ልጆቼ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ስጦታው ግን ይቅር። ዘይት ይዞ የሚመጣ ልጅ ዘይቱን ያስቀምጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። በዓመቱ ሌላ ልጅ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ተመልሶ የሚመጣ ልጅ ነው።

ደግሞስ እኛ የምንሰጠው የለንም እንዴ? አንደኛ ዓመት ሆኖ ሒሳብ የከበደው ልጅ ካለ ይምጣ፣ አስረዳዋለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መኪናቸው ዛሬም ይሠራል። አባቴ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ብዙ አጫውቶኛል። ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥት ከእኔ ጋር ወጥተው ቢያዩት እወዳለሁ። እኔ ደግሞ ስልኩን ያስተምሩኝ። ልጄ በኢሞ ስትደውል ፊቷን ሳላይ ይቋረጣል። የቴሌብሩንም ነገር ሰው መለመን ሰልችቶኛል።

የተማሪዎች ተወካይ
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄ ረቂቁን ገልብጦታል፤ ደግሞም ልክ ነዎት። ቀኑም አይሆንም። በመስከረም 21 አብዛኛው ተማሪ ግቢ አልገባም። ምዝገባው አልቆ ትምህርት ሲረጋ እንጀምር።

ከእኛ በኩል ያለውን ልናገር። ቅዳሜ ከሰዓት ለብዙዎቻችን ይመቻል። የፈተና ሳምንት ላይ ግን ማንም ቃል አይግባ፤ ቀርቶ ከማስቀየም ቀድሞ መናገር ይሻላል። ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ፣ ሴቶቹም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ዶርም ይመለሱ። ቋንቋም አለ። ከጎንደር የመጣ ልጅ ኦሮምኛ አይችልም፤ አባባ ኦሮምኛ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ቋንቋውን የሚችል ይሁን። ሌላው እዚያው ይማራል፣ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የት ይገኛል?

የዕድር ሰብሳቢ
ማን ብቻውን እንደሚኖር የሚያውቀው ዕድር ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም ያውቃሉ። ዝርዝሩን ከእኛ ውሰዱ፣ በኛ በኩል ግቡ። ያኔ ሰው በሩን ሳይጠራጠር ይከፍታል። ሐጂም ይሁኑ አባባ፣ ፈቃዳቸው አስቀድሞ ይጠየቅ። ለብቻቸው ወደሚኖሩ እናቶች ሴት ተማሪዎች ይሂዱ። በረመዳን ቀን ቡና አይፈላም፤ ጉብኝቱ አጠር ይበል እንጂ አይቋረጥ።

የጤና ተማሪ
በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ቀበሌ ወጥቶ መማሩ ግቢው ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት መሄድ አይከብደንም። የደም ግፊት እንለካ?

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን እኔ አልስማማም። ሁልጊዜ በበሽታው በኩል ብቻ የሚጠየቅ ሰው ይከፋዋል። ራሳቸው ከጠየቁ ይለካ። መድኃኒት ማዘዝ፣ መለወጥ ወይም ማስተው ግን የለም። ግፊቱ ከፍ ካለ ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድ ነው። የጥናት መጠይቅም በዚህ ዕቅድ ውስጥ አይግባ።

አሁን የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው። ሁለት ተማሪ ከአንድ አዛውንት ጋር ለአንድ ዓመት ይጣመራሉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ወገን የሚያስተምረውንና መማር የሚፈልገውን ይናገራል። ፎቶ ፌስቡክም ቴሌግራም ላይም አይለጠፍም። ስልክ ስናስተምር የቴሌብርን የሚስጥር ቁጥር አንጠይቅም፣ ሲጻፍም ፊታችንን እናዞራለን። ገንዘብ አንበደርም፣ አናበድርም። በክረምት ተማሪው አገሩ ሆኖ ይደውላል። የሚመረቅ ልጅ የሚተካውን ራሱ ይዞ ሄዶ ያስተዋውቃል።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት
የመጨረሻዋን በጣም ወድጃታለሁ። ልጅ ተመርቆ ድምፁ ሲጠፋ ሰው ምን አጠፋሁ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ ካልተስማማን ሳንቀያየም ጥምሩ ይቀየር።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ተጨምሯል። በአሥር አዛውንትና በሃያ ተማሪ እንጀምር። የቀረው የባጃጅ ወጪ ነው። ከማኅበሩ መዋጮ ይሸፈን የሚል ሐሳብ አለኝ፤ የምትቃወሙ ጻፉ። ለዕድሮቹ የሚሄደውን ደብዳቤ ሰብሳቢያችን በኦሮምኛም በአማርኛም ያዘጋጃሉ። ግቢ ውስጥ የሚመዘግብ ሁለት ሰው እንፈልጋለን። ማን አለ?