22 ሰው ይዤ ጦሳ ተራራ ልወጣ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ዓመት በላይ ከአንድ የእግር ጉዞ ቡድን ጋር እሁድ እሁድ እወጣለሁ። እስካሁን የእኔ ድርሻ መራመድና ፎቶ መነሳት ነበር። ያስተባብረን የነበረው ልጅ ሥራ ተቀይሮ ከደሴ ሲሄድ «በቃ አንቺ ነሽ» ተባልኩ። በነፃ ነው፣ ክፍያም አልፈልግም። የመጀመሪያዬ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦሳ ነው። 22 ሰው ተመዝግቧል፤ ስምንቱ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ናቸው። አንዲት የ58 ዓመት እናትና ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችም አሉበት።

መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሰው መምራት ግን አልችልበትም። ፈጣኑንና ዘገምተኛውን እንዴት አንድ ላይ ላስኪድ? ስልጠናስ ያስፈልገኛል? አንድ ሰው ቢወድቅ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ?

የገራዶ መንገደኛ

አብሽሪ እህቴ። እኔ አራት ዓመት አስተባብሬያለሁ፤ የመጀመሪያውን ጥፋቴን ልንገርሽ። ጉልበት አለኝ ብዬ ከፊት ከፊት ወጣሁ። ላይ ደርሰን ስንቆጠር ሦስት ሰው የለም። ለካ አንዷ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ስትል ሁለቱ ሊጠብቋት ቀርተው፣ መንታው መንገድ ላይ ተሳስተው ወደ ገራዶ ቁልቁል ወርደዋል። 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ እረኛ ልጅ ከፍየሎቹ ጋር እየነዳ አመጣልን። ሳቁ የመጣው በማግስቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከፊት የሚሄድ ሌላ ሰው መድቤ እኔ መሀል ነኝ። ከሁሉም ኋላ ደግሞ የማይቸኩል ሰው አደርጋለሁ፤ ከእሱ ኋላ ማንም አይቀርም። መንታ መንገድ ላይ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ስትቆጥሪ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፤ በዓይን የተቆጠረ ሁልጊዜ ይሞላል።

ስለ ዘገምተኛው፦ ፈጣኖቹ ቀድመው ደርሰው ያርፋሉ፤ እሱ እያለከለከ ሲደርስ «በሉ እንነሳ» ይባላል። ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይቀጥላል ማለት ነው። ዕረፍት የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ሲቀመጥ ይሁን። ይቺን ብቻ ብትይዢ ግማሹ ችግር ይቀልልሻል።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ

ስትመዘግቢ የቤተሰብ ስልክና ሕመም ጠይቂ፦ አስም፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ የሚጥል በሽታ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንዳታደርጊው፤ ለብቻ ለብቻ። አስም ያለበት የሚስበውን መድኃኒት ኪሱ ውስጥ ይያዝ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጥሎት እንዳይወጣ። ስኳር ያለበት ሰው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ነገር ከተምታታበት፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ከረሜላ ወይም ለስላሳ ስጪው።

በብዛት የሚያጋጥምሽ ወለምታ ነው። በፋሻ ያዢው፣ እግሩን ከፍ አድርጊ፣ ቀዝቃዛ ነገር አስቀምጪበት። እባክሽ ወጌሻ ነኝ ባይ እዚያው እንዳያሸው! ስብራት ሊሆን ይችላላ።

የኮምቦልቻዎቹን ነገር አትርሺ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ነው፤ ደሴ 2,500 አካባቢ። ጦሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ትንፋሽ ቢያጥራቸው ስንፍና አይደለም፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ቀስ በሉላቸው። ስልጠና ላልሽው፣ የመጀመሪያ እርዳታውን ቀይ መስቀል ጠይቂ።

ኮምቦልቻዊው

ለጦሳ ይህ ሁሉ? እኛ በልጅነታችን በባዶ እግር እየወጣን እንጨት ለቅመን እንመለስ ነበር።

የሆጤዋ

ወንድሜ፣ እንጨት ስትለቅም 22 ሰው ይዘህ ነበር?

ኮምቦልቻዊው

ኧረ አንድ ታናሽ ወንድሜን። እሱንም አንዴ ረስቼው መጥቻለሁ 😅 እሺ ተረታሁ።

ጠበቃው

በነፃ ማገልገልሽ ብቻውን ከኃላፊነት አያድንሽም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ይክሳል። እንግዲህ ዋናው ነገር «ጥፋት» የምትለዋ ናት። ሰው ድንጋይ አደናቅፎት ቢወድቅ ያንቺ ጥፋት አይደለም። እየመሸ፣ ሰው እየደከመ «ትንሽ ነው የቀረን» ብለሽ ብታስቀጥዪ ግን ክርክር አለ። «ለሚደርስብኝ ራሴ ኃላፊ ነኝ» የሚል ወረቀት ማስፈረም ይቻላል፤ ግን ብዙ አትመኪበት። ለሁለቱ ተማሪዎች የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ወቅቱን ጥሩ መርጠሻል። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅ። ሐምሌና ነሐሴ ቢሆን ጭቃውና ናዳው አለ፤ ሂጂ አልልሽም ነበር። የሚመለሱበትን ሰዓት ከቤት ወስነሽ ውጪ፦ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብትደርሱ መመለስ። ላይ ሆነሽ ልወስን ካልሽ ሁሉም «ጫፉ ይኸውና» እያለ ያሸንፍሻል። ተማሪ ይዤ በምወጣበት ዘመን ስንቴ ተሸንፌያለሁ! ስትነሱ ደግሞ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቀበሌው ተናገሪ፤ የአካባቢውንም ሁኔታ በዚያው ጠይቂ።

ምግቡን በተመለከተ የወሎ ልጅ ነሽ፣ አልነግርሽም ነበር፤ ግን ወጣቶች ሲረሱ አይቻለሁ። ሥጋ ይቅር። የክርስቲያን ነው የእስላም ነው እየተባለ ማዕዱ ለሁለት ከሚከፈል ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ያዙና አብራችሁ ብሉ። ዙህር ለሚሰግዱ ውሃና ጊዜ ይኑር። እሁድ ቅዳሴ የሚያስቀድሙም አሉና መነሻ ሰዓቱን ከእነሱ ጋር ተነጋገሩበት።

ሌላ ጊዜ ሐይቅ ስትሄዱ ደግሞ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ቀድመሽ ንገሪ። በር ላይ ደርሶ መስማት ያስከፋል።

የሆጤዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ካነበብኩ በኋላ 22ቱን ለሁለት እሁድ ከፍያቸዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ወላጆቻቸው እስኪፈርሙ ሁለተኛው ዙር ላይ ናቸው። የ58 ዓመቷን እናት ደውዬ «ይከብድዎት ይሆን?» ብላቸው «እኔ ጦሳን የማውቀው አንቺ ሳትወለጂ ነው፣ ለራስሽ እወቂበት» አሉኝ። ከኋላ የሚሆን የማይቸኩል ሰው ያላችሁትን እሳቸውን አድርጌያለሁ።

አንድ የቀረኝ፦ ፋሻውም ሌላውም የተሟላበት የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ፒያሳ አካባቢ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት የምታውቁ?

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ

የተሟላውን አትፈልጊ፣ ውድ ነው። ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ መቀስና ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው ጨውና ስኳር) ነጥለሽ ግዢ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አብረን እንገዛለን።