ቤተ ሙከራ ሳይኖር ተማሪዎችን ለአንጎል ምርምር ማዘጋጀት ይቻላል?

አማካሪ_መምህር፦ የባዮሎጂና የሳይኮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪዎችን አማክራለሁ። ጥቂቶቹ በአንጎል ሳይንስ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ማመልከት ይፈልጋሉ። ያለን ላፕቶፕና ኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ኮድ ጽፈው አያውቁም። ጊዜው አንድ ሴሚስተር ነው። ንባብ ላብዛላቸው ወይስ ሥራ ላስይዛቸው?

አልፋ_ሞገድ፦ ሥራ ያስይዟቸው፣ መምህር። መጽሐፉን ጨርሼ ልጀምር ያለ ተማሪ ሴሚስተሩ ያልቅበታል።

አራት ሳምንት ፓይተን የተባለውን የኮድ ቋንቋ ይለማመዱ። ከዚያ ፊዚዮኔት በተባለው የምርምር ዳታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ወደሚገኘው የኢኢጂ ዳታ (ከራስ ቆዳ ላይ የተቀዳ የአንጎል ኤሌክትሪክ) ይሂዱ፦ 109 ሰዎች፣ 64 ኤሌክትሮድ፣ በሰከንድ 160 ናሙና። የእያንዳንዱ ሰው 1ኛ ፋይል ዓይን ተገልጦ፣ 2ኛው ዓይን ተጨፍኖ ለአንድ አንድ ደቂቃ የተቀዳ ነው። ጥያቄው፦ ዓይን ሲጨፈን ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ያለው የአልፋ ሞገድ ከጭንቅላት በስተኋላ ባሉት ኦ1፣ ኦዜድ እና ኦ2 በተባሉ ኤሌክትሮዶች ላይ ምን ያህል ይጨምራል? ሃንስ በርገር በ1929 ካሳተመው ጥናት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ የምመርጠውም ለዚሁ ነው። በአንድ ሰው ላይ ላይታይ ይችላል፤ በ20 ሰው አማካይ ላይ ከጠፋ ግን ኮዱን ይፈትሹ።

ኤምኤንኢ ፓይተን የተባለው የኢኢጂ መተንተኛ የፓይተን ጥቅል ሥራውን ያቀልላቸዋል። ሦስት ቦታ ላይ ይደናቀፋሉ። የኤሌክትሮዶቹ ስም መጨረሻ ላይ ነጥብ አለ፤ ካልተነሣ ፕሮግራሙ ቦታቸውን አያውቅም። ጥቂት ሰዎች በ128 ሄርዝ (በሰከንድ 128 ናሙና) ስለተቀዱ የእያንዳንዱ ፋይል የናሙና ፍጥነት ይታይ። የማይፈለጉ ሞገዶችን የሚያስወግደው ማጣሪያ ደግሞ ዳታው ከመቆራረጡ በፊት ይሁን፤ አለዚያ የየቁራጩ ጫፍ ይበላሻል።

ናሙና_ቆጣሪ፦ ብዙ ጊዜ ሥራው የሚወድቀው ስታቲስቲክሱ ላይ ነው። 20 ሰው እያንዳንዱ 60 የአንድ ሰከንድ ቁራጭ ሲኖረው ተማሪው ናሙናዬ 1200 ነው ይላል። አይደለም፣ 20 ነው። የአንድ ሰው ቁራጮች ስለሚመሳሰሉ እንደ ተለያዩ ሰዎች ከተቆጠሩ ፒ-ቫሉው (ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊገኝ የሚችልበትን ዕድል የሚለካው ቁጥር) በሐሰት ያንሳል። ከሦስት አይጥ የተቀዱ 90 ነርቭ ሴሎችም ያው ናቸው። ኤሌክትሮዱና የሞገዱ ክልል ውጤቱ ከመታየቱ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ።

አማካሪ_መምህር፦ አመሰግናለሁ። ከኢኢጂ ይልቅ ወደ ሴሉ የሚያደላ ተማሪስ?

አልፋ_ሞገድ፦ የነርቭ ሴል የኤሌክትሪክ ምልክት እንዴት እንደሚፈጠር የሚያሳየውን የ1952ቱን የሆጅኪንና ሀክስሌ ሞዴል በራሱ ኮድ ይጻፈው፤ አራት ዲፈረንሻል እኩልታዎች ናቸው። እኩልታዎቹን ትንሽ በትንሽ የጊዜ እርምጃ በሚያሰላው ቀላሉ የኦይለር ዘዴ ከሠራ የጊዜ እርምጃው 0.01 ሚሊሰከንድ ይሁን፤ በጣም ሲረዝም ቮልቴጁ ወደማይጨበጥ ቁጥር ይሮጣል። የዕረፍት ቮልቴጅ −65 ሚሊቮልት በሆነበት አጻጻፍ፣ የሴሉ የአዮን በሮች በሚከፈቱበት ፍጥነት ቀመሮች ውስጥ −40 እና −55 ላይ ዜሮ ለዜሮ ማካፈል ይመጣል፤ ለሁለቱ ነጥቦች ወሰናቸው (ሊሚት)፣ ማለትም 1 እና 0.1፣ በእጅ ይግባ። ዲፈረንሻል እኩልታ ያልወሰደ ተማሪ ግን እዚህ ባይጀምር ይሻላል።

ሚያልያ፦ ለተመራማሪ የሚላከውን ኢሜይል አትርሱ። «በአንጎል እጅግ እማረካለሁ» የሚለው መግቢያ ይቅር። ከላብራቶሪው አንድ ጽሑፍ ላይ የተነሣ አንድ ጥያቄ፣ ተማሪው የሠራው አንድ ግራፍ፣ የኮዱ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ሊንክ፤ ከ150 ቃል አይብለጥ። ኮዱ ከመላኩ በፊት ሌላ ተማሪ በራሱ ላፕቶፕ ያስኪደው፤ የፋይል አድራሻ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ስለሚቀር መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።