በ«ማይ ፌር ሌዲ» ፊልም የኤላይዛ ሚና ለኦድሪ ሄፕበርን መሰጠቱ ስሕተት ነበርን?

የክርክሩ ከፋች፦

ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ በመድረክ በዘፈን የሚቀርብ ቴአትር ወደ ፊልም ሲዞር፣ ዋናውን ሚና የሚናውን ዘፈን መዝፈን ለማይችል ዝነኛ ተዋናይ መስጠት ተገቢ ነውን? ማሳያ የማደርገው በ1964 የወጣውን «ማይ ፌር ሌዲ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቴአትሩ በማርች 1956 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ሲከፈት አበባ ሻጯን ኤላይዛ ዱሊትልን የተጫወተችው የሃያ ዓመቷ እንግሊዛዊት ጁሊ አንድሩስ ስትሆን፣ የቋንቋ ምሁሩን ሂጊንስን የተጫወተው ሬክስ ሃሪሰን ነበር፤ ቴአትሩም 2,717 ጊዜ ታየ። የፊልም ኩባንያው ኃላፊ ጃክ ዋርነር የፊልም መብቱን በ5.5 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ የሃሪሰንን ሚና ለራሱ ለሃሪሰን ሰጠ፤ አንድሩስን ግን በፊልም አትታወቅም ብሎ ተዋትና ቦታዋን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ለኦድሪ ሄፕበርን ሰጠ።

የእኔ አቋም ይህ ውሳኔ ስሕተት ነበር የሚል ነው። ሄፕበርን በ1988 የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ሀገራችን ስለሆነ ስሟን በክፉ ማንሣት ይከብደኛል፤ የምወቅሰውም እርሷን ሳይሆን የመረጧትን ሰዎች ነው። ጆርጅ በርናርድ ሾው ከጻፈው ተውኔት የተወሰደው ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንደበት ታሪክ ነው። ኤላይዛ በለንደን ኮቨንት ጋርደን አበባ ስትሸጥ የምትናቀው በአነጋገሯ ነው፤ የምትከበረውም አነጋገሯ ሲቀየር ነው፤ በመጨረሻም መምህሯን ሂጊንስን ፊት ለፊት የምትሞግተው በዚያው በተገራ አንደበቷ ነው። እንዲህ ላለችው ገጸ ባሕርይ ፊቱን ከአንዷ፣ ዜማውን ከሌላዋ መውሰድ የታሪኩን እምብርት መንካት ነው። የሄፕበርን ዘፈን አብዛኛው በዘፋኟ በማርኒ ኒክሰን ድምፅ ተተክቷል። ኤላይዛ በሂጊንስ ላይ ተናዳ «ቆይ ብቻ» እያለች የምትዝትበትን ዘፈን ልብ ብላችሁ አዳምጡ፤ አጀማመሩ የራሷ የሄፕበርን ሻካራና የተቆጣ ድምፅ ነው፤ ዜማው ከፍ ወደሚልበት ክፍል ሲደርስ ግን በድንገት የሠለጠነ፣ ለስላሳና ቀጭን ድምፅ ይተካዋል። ፊቷ ያው ነው፣ ሰውዬዋ ግን ተለውጣለች።

የፊልም ተማሪ፦

እህቴ፣ ያነሡት ነጥብ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ፊልም የሚሠራው በገንዘብ መሆኑን ዘንግተውታል። ለዚህ ሥራ 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል፤ ያ በዘመኑ እጅግ ከባድ ሸክም ነበር። ይህን ያህል ሀብት አንድም ፊልም ባልሠራች ወጣት ላይ ለመጣል የሚደፍር ፕሮዲውሰር ይኖራል ብዬ አላምንም። ውጤቱንም እንመልከት፤ ፊልሙ ስምንት ኦስካር አገኘ፣ ሕዝብም ወደደው። ድምፅ ስለ መተካት ከሆነ፣ ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብልን በእንባ የተከታተልን ሰዎች፣ ፊት የአንዱ ድምፅ የሌላው መሆኑ ስሜታችንን እንዳልከለከለን እናውቃለን። ደግሞስ ኤላይዛ ለኤምባሲው ግብዣ ለብሳ ከደረጃው ስትወርድ በዚያ ግርማ ሊታይ የሚችል ሌላ ማን ነበር?

የመዘምራን አሠልጣኝ፦

ሁለታችሁንም በአክብሮት አንብቤአለሁ። እኔ ድምፅ በማሠልጠን ስለምተዳደር በዚያ በኩል ልናገር። በመጀመሪያ፣ «መዝፈን የማይችል» የሚለው ቃል ሄፕበርንን አይገልጻትም። ከሦስት ዓመት በፊት በ1961 «ሙን ሪቨር»ን የዘፈነችው ራሷ ናት፤ ያ ዜማ ግን የዜማው ደራሲ ሄንሪ ማንቺኒ የድምፅዋን ስፋት ለክቶ የሰፋላት ልብስ ነበር። የኤላይዛ ዜማዎች ደግሞ ለሶፕራኖ፣ ማለትም ለከፍተኛው የሴት ድምፅ፣ የተጻፉ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ መጨፈር የምትዘፍነው ዜማ መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ከፍታ ትንፋሽን ለዓመታት የገራ ሰው የሚወጣው ነው፤ ጥቂት ወራት ከአስተማሪ ጋር በመለማመድ አይገኝም።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር ነው። ሃሪሰንም እኮ ዘፋኝ አልነበረም! የእርሱ ክፍል ግን በንግግርና በዜማ መካከል እንዲሆን ለአቅሙ ታስቦ ተጻፈለት፤ በቀረጻም ጊዜ አስቀድሞ በተቀዳ ድምፅ ላይ አፌን አላንቀሳቅስም ስላለ፣ ገመድ አልባ ማይክሮፎን በከረባቱ ውስጥ ተደብቆለት በቀጥታ ተቀዳ። ለወንዱ ሥራው ወደ ድምፁ ወረደለት፤ የሴቲቱ ድምፅ ግን ተወስዶ ሌላ ተደረገበት። ይህን ያደረጉት አንድ ፕሮዲውሰርና አንድ ዳይሬክተር፣ በአንድ ፊልም ውስጥ ናቸው።

የፊልም ተማሪ፦

የከረባቱን ጉዳይ አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ተዋናዩ በራሱ ድምፅ ይዝፈን ማለት መፍትሔ እንዳልሆነ በ2012 በወጣው «ሌ ሚዜራብል» አይተናል። በዚያ ፊልም ተዋንያኑ በቀረጻው ቦታ በቀጥታ ዘፈኑ፤ ራስል ክሮው ዣቬርን ሲጫወት ግን ብዙ ተመልካች ድምፁ ለሚናው አይመጥንም አለ። እንግዲህ ድምፅ ሲተካ ትወቅሳላችሁ፣ ሳይተካም ትወቅሳላችሁ።

የክርክሩ ከፋች፦

ወንድሜ፣ የራስል ክሮው ምሳሌ የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። ሁለቱም ችግሮች የሚመጡት ምርጫው ከዝና ስለሚጀምር ነው፤ ዝነኛው ከተመረጠ በኋላ ወይ ድምፁን መተካት ወይ ጉድለቱን መታገሥ ግድ ይሆናል። ስለ ቃና ያሉትም ነገር አንድ አይመስለኝም፤ እዚያ ድምፅ የሚቀየረው ተመልካቹ ቋንቋውን ስለማይሰማ ነው።

ያለ ዝነኛ አይሆንም የሚለውን ግን ራሱ የዋርነር ኩባንያ ከሁለት ዓመት በፊት አፍርሶታል። በ1962 «ዘ ሚዩዚክ ማን» ሲቀረጽ ዋርነር ትልልቅ ስሞችን ቢፈልግም፣ የቴአትሩ ደራሲ አጥብቆ ስለያዘ ሚናውን በመድረክ የተጫወተው ሮበርት ፕሬስተን በፊልሙም አገኘው፤ ፊልሙም ተሳካ፣ ለምርጥ ፊልም ኦስካርም ታጨ። ደግሞ አንድሩስ አትታወቅም ማለት ምን ማለት ነው? ፊቷ በሲኒማ አልታየ ይሆናል፤ የብሮድዌዩ ሸክላ ግን በስንት ቤት ተከፍቶ ተሰምቷል። ሕዝብ የሚያውቀው ድምፅዋን ነበር፤ እነርሱ የጣሉት ያንኑ ነው። በዚያው ዓመት በ«ሜሪ ፖፒንስ» የምርጥ ተዋናይት ኦስካር ማግኘቷን፣ ሄፕበርን ደግሞ ለውድድሩ እንኳ አለመታጨቷን ብዙዎች እንደ ፍርድ ይጠቅሱታል፤ እኔ ግን ምርጫው ሲደረግ ማንም ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ማስረጃ ማድረግ አልፈልግም። በኤምባሲው ግብዣ ላይ ያለችው ሄፕበርን ተወዳዳሪ እንደሌላት ግን እቀበላለሁ። የሚያጠራጥረኝ የፊልሙ የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ ፊቷን ጥላሸት ቢቀቡትም አንገቷ የለመደው ሌላ ኑሮ መሆኑ ይታያል።

የመዘምራን አሠልጣኝ፦

በዚህ ሁሉ ክርክር ስሟ በጥቂቱ ብቻ ስለተነሣው ሴት አንድ ነገር ልጨምር። ማርኒ ኒክሰን በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የናታሊ ዉድን፣ በ«ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» የዴቦራ ከርን ዘፈን የዘፈነች ናት፤ በ«ማይ ፌር ሌዲ»ም ስሟ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1965፣ «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ» ሲወጣ ግን በገዳሙ ካሉት መነኮሳት አንዷ፣ እኅት ሶፊያ፣ ሆና በራሷ ፊትና በራሷ ድምፅ ታየች። መነኮሳቱ ስለ አስቸጋሪዋ ማሪያ ተሰብስበው የሚዘፍኑበትን ክፍል ስታዩ ፈልጓት፤ የሚዘፍኑላት ማሪያ ጁሊ አንድሩስ ናት።