ድርቆሹን አኝካ የምትተፋ የ29 ዓመት ድንክ ፈረስ፣ ምን ላብላት?

የዳማ ባለቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ዳማ የምትባል ድንክ ፈረስ አለችኝ። 29 ዓመቷ ነው። ልጆቼ ግልቢያ የለመዱት በእሷ ጀርባ ነው። እነሱ አድገው ሄዱ፣ እሷ እኔው ጋ ቀረች።

ከሦስት ወር ወዲህ እየከሳች ነው። ድርቆሽ ፊቷ ተቆልሎ ነው የምትውለው። ታኝካለች፣ ታኝካለች፣ ከዚያ በምራቅ የራሰ ጥቅልል መሬት ላይ ትጥላለች። መጀመሪያ ፋንድያ መስሎኝ ዝም ብዬ ስጠርግ ነበር። አንድ ቀን አንስቼ ሳየው ያልተፈጨ ሣር ሆኖ አገኘሁት።

ጥርሷን ያየው ሐኪም ከላይ ሁለት መንጋጋ እንደሌላት፣ የቀሩትም አልቀው ከድዷ እኩል ሊሆኑ ትንሽ እንደቀራቸው ነገረኝ። በዚያ ላይ ኩሺንግ የሚባለው፣ በእርጅና የሚመጣ የሆርሞን ሕመም አለባት። ፀጉሯ ረጅምና ጥቅልል ነው፣ ሙቀት ሲመጣም አይረግፍም። ለእሱ በየቀኑ ፐርጎላይድ የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። አምና ደግሞ ላሚናይተስ፣ ማለትም የኮቴ ውስጥ ብግነት፣ ይዟት መርገጥ አቅቷት ነበር።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አንዱ «ገብስ ቀቅለሽ ሞላሰስ ጨምሪላት፣ ትወፍራለች» ይለኛል። ሌላው «ጣፋጭ እንዳታስነኪያት፣ እግሯን ታጪያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ሳምንት ያህል የተቀቀለ ገብስ ሰጥቻታለሁ። ባልዲውን ስታይ ታሽካካለች። እንዴት ብዬ ልከልክላት?

አሮጌ ኮርቻ

እህቴ፣ ገብሱን ዛሬውኑ አቁሚ። ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ገብስ ስታርች ነው። ስታርች ኢንሱሊን ከፍ ያደርጋል፣ ኩሺንግ ያለባት ፈረስ ላይ ኢንሱሊን ከፍ ሲል ደግሞ ላሚናይተሱ ይመለሳል። አንዴ ይዟት ያውቃል ብለሻል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ከሲታነቷ የመጣው እህል አንሷት አይደለም። ሣር አንሷት ነው። የማትውጠው ድርቆሽ ፊቷ ቢቆለልም እንዳልቀረበላት ቁጠሪው። ስለዚህ ሣሩን ጥርስ በማይፈልግ መልክ ስጫት። ተፈጭቶ በእንክብል መልክ የሚሸጥ የሣር መኖ አለ። ሞላሰስ ያልገባበት ቢት ፐልፕም አለ፤ ስኳር ከሚወጣበት ሥር ስኳሩ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው ገለባ ነው። ሁለቱንም ዘፍዝፈሽ እንደ ገንፎ አድርጊው። ጆንያው ላይ ያለውን አንብቢ፤ ስኳሩና ስታርቹ ተደምረው ከ10 በመቶ በታች ቢሆኑ ጥሩ ነው።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ጭልፋ ድርቆሽን አይተካም። ፈረስ በቀን ከክብደቷ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። 210 ኪሎ ብትሆን ከ3 ኪሎ ከ150 ግራም እስከ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ማለት ነው። ይህ ውኃ ሳይነካው የሚመዘን ነው። ሲርስ ባልዲ ሙሉ ይሆናል፣ አትደንግጪ። በቀን አራት አምስት ጊዜ ከፋፍለሽ አቅርቢላት። ከገብሱ ውጭ ያለውን ለውጥ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ወስደሽ ቀስ በቀስ አድርጊው።

እንክብሉን በደረቁ እንዳትሰጪያት። የኔ አንዴ ከጎረቤት ባልዲ ሰርቆ ጉሮሮው ላይ ተቀረቀረበት። አረፋና መኖ በአፍንጫው ሲወርድ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ።

ኮቴ ጠራቢው

በአሮጌ ኮርቻ ሐሳብ እስማማለሁ። ጥቂት ልጨምርልዎት።

እንደዚያ በአፍንጫዋ ከወረደ ምግቡንም ውኃውንም ከፊቷ ያንሱ፣ ሐኪም ይጥሩ። በግድ ውኃ አያጠጧት፣ ወደ ሳንባ ይገባል።

ሁለተኛው ከዚያ በላይ ያሳስበኛል። ድንክ ፈረስ አንድ ቀን ሙሉ መብላት ካቆመች ለነገ አይባልም። ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ ወደ ደም ይለቀዋል፣ ጉበቷንም ይጎዳል። ሃይፐርሊፔሚያ ይሉታል፣ ብዙ ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ «ዛሬ አላሰኛትም መሰለኝ» ብሎ ማለፍ የለም።

ፐርጎላይድ ራሱ የምግብ ፍላጎት ሊዘጋ ይችላል። ፍላጎቷ የቀነሰው መድኃኒቱ ሲጀመር ወይም ሲጨመር ከሆነ ለሐኪሟ ይንገሩት፣ እርስዎ ግን ከራስዎ አይቀንሱ። ጥርሷ በየ6 ወሩ ይታይ። በጥርሶቿ መሐል ምግብ ተወትፎ ከበሰበሰ ያማታል፣ አፏን ቢያሸቱ ይታወቃል።

ሚዛን ከሌለዎት ሜትር ይበቃል። ደረቷን ከፊት እግሮቿ ኋላ ዙሪያውን ይለኩ፣ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ ቂጧ ጫፍም ርዝመቷን፣ ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር። የዙሪያውን ልክ በራሱ ያባዙት፣ ከዚያ በርዝመቱ፣ ከዚያ ለ11,900 ያካፍሉት። 134 ዙሪያና 139 ርዝመት ቢያገኙ 210 ኪሎ ገደማ ነች። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ካለ ዓይንዎን አይመኑ፤ በእጅዎ የጎን አጥንቷን ይዳብሱ።

ግልቢያ አፍቃሪ

ፉርሽካስ? እኛ ጋ ላረጀ ፈረስ ሁሉ ፉርሽካ በሙቅ ውኃ ነው።

አሮጌ ኮርቻ

የዕለት ምግብ አይሆንም። ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው፤ ስታርችም አለው። ካሎሪ መጨመር ካስፈለገ ትንሽ የምግብ ዘይት ይሻላል፣ ከአንድ ማንኪያ ተጀምሮ በቀስታ። እሱንም ሐኪሟን ጠይቂ፤ ደሟ ውስጥ ስብ በዝቶ ከተገኘ ዘይት አይሰጥም።

የዳማ ባለቤት

ሦስት ሳምንት ሆነን። ገብሱን በዚያው ቀን አቆምኩ። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ ባልዲውን በአፍንጫዋ ገፍታ ደፋችው። እንክብሉን ለብ ባለ ውኃ ስዘፈዝፈው ግን በላችው። የቀኑን የመጨረሻ ባልዲ ማታ አራት ሰዓት ላይ በባትሪ ነው የማቀርብላት።

ለብቻዋ እንድትበላ አጥር አድርጌላታለሁ። አንድ ባልዲ ለመጨረስ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል፣ አብሯት የሚውለው ወጣት ፈረሴ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ጠራርጎ ይበላባት ነበር። ለካስ እሱ ነው ሲወፍር የከረመው። ጥቅልሉ ከመሬት ጠፍቷል። ደረቷን ስለካ በመጀመሪያው ሳምንት 133፣ ትናንት 134 ሆነ። የሜትሩ አያያዝ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ለካሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ማታ የዘፈዘፍኩት ጠዋት ኮምጥጦ አገኘሁት። ልስጣት?

አሮጌ ኮርቻ

ድፊው። በሙቀት ጊዜ ከመብላቷ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ብቻ ዘፍዝፊ፣ ባልዲውንም በየጊዜው እጠቢው። የጠዋቱን ማታ በደረቁ መዝነሽ አስቀምጪ፣ ውኃውን ስትነሺ ትጨምሪበታለሽ።