ሮዝ ኩላንት ላይ አረንጓዴ ብጨምርበት ችግር አለው?

ቪትዟ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የ2008 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ሪዘርቩ (ማጠራቀሚያው) ላይ ያለው ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ሮዝ ነው አሁን ከሎው (ከዝቅተኛው ምልክት) በታች ወርዷል። ሱቅ ሄጄ ሮዙ አልቋል አረንጓዴውን ውሰድ ሁሉም አንድ ነው አሉኝ። ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው፣ አባይ በረሃ ላይ እንዳትፈላብኝ፣ ልጨምርበት ወይስ ይቅር?

የኮተቤው፦ ጨምርበት ባክህ ምንም አይልም፣ ስንቱ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ አይደል እንዴ የሚነዳው

ጋሽ መፍቻ፦ የኮተቤው ሰው አታሳስት እንጂ። ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፣ አንዱ ፋብሪካ ሮዝ ያደረገውን ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ነው የምታየው። የቶዮታው ሮዝ ሲሊኬት የሚባለው ዝገት ተከላካይ የለውም፣ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው በኦርጋኒክ አሲድና በፎስፌት ነው፣ የድሮው አረንጓዴ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሲሊኬት ነው። ሲደባለቁ ሞተሩ ወዲያው አይሞትም ግን መከላከያው ይዳከማል፣ ብዙ ዓመት የሚቆየው ኩላንትህ እንደ አረንጓዴው በሁለት ዓመት የሚቀየር ይሆናል፣ ካልተስማሙማ ዝልግልግ ነገር ሠርተው ራዲያተሩን ይደፍኑታል። የቮልስዋገን የድሮው ጂ11 የሚባለው ኩላንት ከመጀመሪያው ቀይ ጂ12 ጋር ሲገናኝ ቡናማ ጭቃ ይሆን ነበር።

ቪትዟ፦ እሺ ጋሼ፣ ሮዙን እስከ ቅዳሜ ባላገኝስ?

ጋሽ መፍቻ፦ የጎደለው ትንሽ ከሆነ ዲስቲልድ ውሃ ጨምርበት፣ ባትሪ ላይ የሚጨመረው ንጹህ ውሃ ማለቴ ነው፣ አሲዱን እንዳትገዛ ደግሞ! የቧንቧው ካልክ አለው። ሮዙን ስታገኝ ግማሽ በግማሽ ተበጥብጦ የመጣ ከሆነ ውሃ አትቀላቅልበት።

ሰሚት_ራይድ፦ እኔ ከኩላንቱ ይልቅ የራዲያተሩን ክዳን እይ እላለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) ከደረቀ ምርጥ ኩላንት ብትሞላም ወደ ደጀን ሽቅብ ስትወጣ ታፈላለህ።

ጋሽ መፍቻ፦ ልክ ነው። ደግሞ ዝግ ሲስተም ስለሆነ ዝም ብሎ አይጎድልም፣ ዋተር ፓምፑ (ኩላንቱን የሚያዞረው) ጋ የደረቀ ሮዝ ነጠብጣብ ካለ እየተንጠባጠበ ነው፣ ከቅዳሜ በፊት አሳየው። ከፈላብህም ጥግ ይዘህ አጥፋው፣ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን እንዳትነካ።

ቪትዟ፦ አሁን በባትሪ ሳየው ፓምፑ ስር ሮዝ ነገር አለ 😩 ነገ ጋራዥ ነኝ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ