ብርቱካናማዎቹ ስንል ማንን ነው የምንጠራው?

— ሰላም ቤቶች። ቅዳሜ ከልጄ ጋር የሆላንድን ጨዋታ እያየን ኮሜንታተሩ «ብርቱካናማዎቹ» ባለ ቁጥር ልጁ ዞር ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ አላስቻለውም። «አባዬ፣ ሆላንድ ብርቱካን ይበቅላል እንዴ?» ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያንን ብርድ አስቤ «አይ፣ አይመስለኝም» አልኩት። «ታዲያ ለምን እንደዛ ይሏቸዋል?» ሲለኝ ጸጥ። እስቲ የቃል ሰዎች፣ አባት አድርጉኝ።

— ልጅህ ልክ ነው፣ አይበቅልም። ነገሩ ከፍሬው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ኦራንዥ የምትባል ከተማ አለች። ሮማውያን አራውሲዮ ይሏት ነበር፣ ስሟ በሰው አፍ ሲንከባለል ኖሮ ከፍሬው ስም ጋር ገጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ከተማዋ የራሷ መስፍን ነበራት። በ1544 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) መስፍኑ በጦርነት ቆስሎ ሲሞት ርስቱ ለአጎቱ ልጅ ለናሳው ዊልያም ደረሰ። የ11 ዓመት ልጅ! ይኸው ልጅ አድጎ በ1568 በስፔኑ ንጉሥ በዳግማዊ ፊሊጶስ ላይ ጦር አነሳ፣ ሆላንዶችም ያገራችን አባት ይሉታል። ቤተሰቡ የኦራንዥ ቤት ተባለ፣ የቤቱ ስም ቀለም ሆነ፣ ቀለሙ ማሊያ ሆነ። ባንዲራቸው ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ስታዲየሙ በብርቱካናማ የሚጥለቀለቀው ለዚህ ነው።

አንድ ጉድ ልጨምርላችሁ። ብሔራዊ መዝሙራቸው የሚናገረው ራሱ ዊልያም እንደሆነ አድርጎ ነው። የመጀመሪያው አንጓ የሚዘጋውም የስፔንን ንጉሥ ሁልጊዜ አክብሬያለሁ በሚል ቃል ነው። ሰውዬው እያመፀም ታማኝ ነኝ ባይ ነበር። እንግዲህ በ2010 ጆሃንስበርግ ላይ፣ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከማን ጋር ተሰልፈው ነው ይህን የዘመሩት? ከስፔን! ብዙም ሳይቆይ የሆላንዱ ዴ ዮንግ የስፔኑን የሻቢ አሎንሶን ደረት በጫማው መታ። አክብሮቱ ያው እንዳያችሁት ነው። የስፔኑ ኢኒየስታ በ116ኛው ደቂቃ አግብቶ ገላገላቸው።

— በጣም ደስ ይላል። እኔ ግን ብርቱካን የራሳችን ቃል ነበር የሚመስለኝ። «ብርቱ» ከሚለው። ጉንፋን ሲይዘን እማዬ ጨምቃ «ጠጡ፣ ያበረታል» ስለምትል።

— እህቴ፣ ያንቺ ይጥማል ግን አይደለም። ካርቱም አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ገበያ ወርጄ ልክ እንደኛ «ብርቱካን» ስል ማንም ሳያስደግመኝ ይመዝንልኝ ነበር። ሪያድ ስሄድ ግን «ቡርቱቃል» ነው የሚሉት፣ በል ነው የሚያልቀው። ቀስ ብላችሁ በሉት እስቲ። ቡርቱቃል። ፖርቱጋል! ቱርኮቹ ፖርታካል፣ ግሪኮቹ ፖርቶካሊ ይሉታል። ድሮ በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚታወቀው ኮምጣጣው ነበር፣ ዐረቦቹ ናራንጅ ይሉት የነበረው። ጣፋጩን በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፖርቱጋል ነጋዴዎች አዛመቱትና ባመጣው ሰው ስም ተጠራ።

— ቆይ ቆይ ቆይ። ታዲያ ኮሜንታተራችን «ብርቱካናማዎቹ» ሲል ሆላንዶችን «ፖርቱጋላማዎቹ» እያላቸው ነው?

— ቃሉን ከሥሩ ከነቀልከው አዎ 😂 የ2006ቱ የኑረምበርግ ጨዋታ ትዝ አላችሁ? ፖርቱጋል ከሆላንድ፣ 16 ቢጫ፣ 4 ቀይ። ማኒሽ አንዷን አግብቶ 1 ለ 0 አለቀ። ለኔ ከጎሉ ይልቅ የማይረሳኝ ዴኮና ቫን ብሮንክሆርስት ናቸው። አንዱ የፖርቱጋል አንዱ የሆላንድ፣ ሁለቱም በቀይ ወጥተው፣ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ሲያወሩ። ባርሴሎና አብረው ይጫወቱ ነበራ። ሜዳው ላይ ሰው ሊበላላ ነው፣ እነሱ ዳር ላይ እንደ ሰፈር ልጆች። በአማርኛ ከቆጠርነው ያ ጨዋታ ብርቱካን በብርቱካን ነበር።

ደግሞ ፀቡ የዚያን ቀን የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በ1580 ፊሊጶስ ዊልያምን ለገደለልኝ 25,000 ወርቅ እሰጣለሁ ብሎ አዋጅ አስነገረ። በዚያው ዓመት የፖርቱጋልንም ዘውድ እጁ አስገባ። ስለዚህ ሆላንዶች ከስፔን ጋር ሲዋጉ የፖርቱጋል መርከብና ወደብም ጠላት ሆነባቸው ማለት ነው፣ ማላካን በ1641 የነጠቋቸው በዚሁ ነው። ዊልያም ግን ይህን ሁሉ አላየም፣ በ1584 ዴልፍት ከተማ ቤቱ ውስጥ በሽጉጥ ተገደለ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ጥይቱ ግድግዳው ላይ የበሳው ቀዳዳም እስከ ዛሬ አለ።

— ሁሉም መልካም፣ ግን ክለባችንን ድሬዳዋ ከተማን አትንኩብኝ። እኛም ብርቱካናማዎቹ ነን፣ ከኦራንዥም ከሊዝበንም የለንበትም። የኛ ከኤረር ጎታ ነው፣ አለቀ።

— ኧረ ድሬን ማን ይነካል! እኔ ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ብርቱካን የምትባል አክስት አለችኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ፖርቱጋል ሆና ኖራ ማንም አልነገራትም።

— ጠያቂው ነኝ፣ ተመለስኩ። ለልጄ ከተማዋንም መስፍኑንም ነጋዴዎቹንም ነገርኩት። እያኘከ ሰማኝ፣ የሚያኝከውም ያው ብርቱካን ነው። ከዛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፖርቱጋሎቹስ ራሳቸው ምን ይሉታል?» እንደገና ጸጥ። በፈጠራችሁ።

— ላራንጃ በለው። ከዐረቦቹ ናራንጅ የወሰዱት ነው።